ኢምፕሬሽኒዝም ለጀማሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙዚየም ገብታችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ አንድ ሥዕል አይታችሁ "ይሄ ገና አላለቀም እንዴ?" ብላችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ይህ ገጽ የእናንተ ነው። ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን፣ እኔንም ስጀምር ግራ ያጋቡኝን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢምፕሬሽኒዝም በአጭሩ ምንድን ነው?

በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተነሳ የአሳሳል መንገድ ነው። እነዚህ ሠዓሊዎች ከዕቃው ይልቅ ዕቃው ላይ ያረፈውን ብርሃን ለመሳል ተነሱ። ዛፍ ሲስሉ "ዛፍ እንዲህ ነው" ብለው ከሚያውቁት አይጀምሩም። ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቆሜ ዓይኔ ምን አየ? ጥያቄያቸው ይቺው ናት። ዛፉ በዚያች ደቂቃ ወደ ሐምራዊ ካደላ ሐምራዊ ይቀቡታል። የብሩሹ ችኮላ፣ ደጅ ወጥቶ መሳሉ፣ ሰማያዊው ጥላ፣ ሁሉም ከዚህ የመጣ ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

ከስድብ። ኤፕሪል 15 ቀን 1874 ሠላሳ ያህል ሠዓሊዎች ገንዘብ አዋጥተው ፓሪስ ውስጥ የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ቦታው ናዳር የሚባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺ ይሠራበት የነበረ ስቱዲዮ ነው፤ ካፑሲን ጎዳና፣ ቁጥር 35። መግቢያው 1 ፍራንክ ነበር። ክሎድ ሞኔ ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ ያደገበትን የሌ ሃቭርን ወደብ ያሳያል። ለካታሎጉ ርዕስ ስጥ ተባለ። "የሌ ሃቭር እይታ" እንዳይለው ወደቡ በጭጋግ ተውጦ በቅጡ አይለይም። "ኢምፕሬሽን በሉት" አለ። ቃሉን ብዙዎች "ስሜት" ብለው ይመልሱታል፤ ለእኔ ግን "ዓይን ላይ የቀረ አሻራ" ቢባል ይቀርባል። ሥዕሉም "ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጣት" ተባለ።

ሉዊ ለርዋ የሚባል ጸሐፊ ለ ሻሪቫሪ በተባለ የፌዝ ጋዜጣ ላይ አላገጠባቸው። ገና ጅምር የሆነ የግድግዳ ወረቀት እንኳ ከዚህ የባሕር ሥዕል የተሻለ ያለቀ ነው አለ። ጽሑፉን "የኢምፕሬሽኒስቶች ኤግዚቢሽን" ብሎ ሰየመው። ስሙ ተጣበቀ። በ1877 ሠዓሊዎቹ ራሳቸው ተጠቀሙበት። ለርዋ ዛሬ የሚታወሰው በዚችው ስድብ ነው።

አንድ ነገር ሞክሩ። ይህን ሥዕል ስልካችሁ ላይ አውጡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ብርቱካናማዋ ፀሐይ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። ድምቀቷ ከኋላዋ ካለው ግራጫ ሰማይ ጋር እኩል ለእኩል ነው፤ የምትለየው በቀለሟ ብቻ ነው። ትኩር ብላችሁ ስታዩዋት የምትንቀጠቀጥ የምትመስለው ለዚህ ነው።

ሰው ለምን ያን ያህል ተናደደ?

በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሠዓሊ እንጀራውን የሚያገኘው በሳሎን በኩል ነበር። ሳሎን ስል እንግዳ የምንቀበልበትን ክፍል ማለቴ አይደለም። ዳኞች ያሉት፣ መንግሥት የሚያውቀው ግዙፍ ኤግዚቢሽን ነው። ዳኞቹ ካላሳለፉህ ገዢ ማግኘት ጭንቅ ነው። የሚያሳልፉትም ይታወቃል፦ የግሪክና የሮም አማልክት፣ የጦር ሜዳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። ቅቡ እንደ መስታወት የለሰለሰ፣ ብሩሹ የሄደበት መንገድ የማይታይ መሆን አለበት። በ1863 ዳኞቹ በሺዎች የሚቆጠር ሥራ ስለጣሉ ጩኸቱ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን 3ኛ ጆሮ ደረሰ። የተጣሉት ለብቻቸው ይታዩና ሕዝቡ ይፍረድ ብሎ አዘዘ። ሕዝቡ ሄዶ አየ። አብዛኛው ሳቀ።

እነ ሞኔ ደግሞ አማልክቱን ትተው የባቡር ጣቢያ፣ ልብስ አጣቢ ሴት፣ እሁድ ከሰዓት ጀልባ የሚቀዝፍ ሰው ይዘው መጡ። የብሩሹ ምትም ግድግዳ ላይ እንደተመረገ ጭቃ አንድ በአንድ ይታያል። ለዚያ ዘመን ተመልካች ይህ ረቂቅ አምጥቶ "ያለቀ ሥዕል ነው፣ ግዛኝ" እንደማለት ነበር።

ታዲያ መሳል አይችሉም ነበር?

ይችላሉ እንጂ! ከእነሱ አንዱ ዴጋ፣ ሉቭር በሚባለው የፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ የጥንት ሊቃውንትን ሲገለብጥ የኖረ ሰው ነው። ሬኗር በልጅነቱ ፖርሴሊን ሳህን ላይ አበባ እየሳለ ደመወዝ ይቀበል ነበር። ሞኔ ገና ጎረምሳ እያለ የከተማውን ሰዎች የካርቱን ምስል እየሳለ ይሸጥ ነበር። ቢፈልጉ ማለስለስ አያቅታቸውም። አልፈለጉም።

ጥላው ለምን ሰማያዊ ሆነ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ፀሐይ ባለበት ቀን የታጠበ ነጠላ ገመድ ላይ አስጡና ቁሙ። ነጠላው ነጭ መሆኑን ታውቃላችሁ። አሁን ግን እጥፋቱ ውስጥ ያለውን ጥላ ልብ ብላችሁ እዩት። ጥቁር አይደለም። ተራ ግራጫም አይደለም። ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ፀሐይዋ በቀጥታ ያልደረሰችበትን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ከሥሩ ሣር ካለ የታችኛው ጫፍ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይይዛል። ቀይ አፈር ከሆነ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ዓይናችን ይህን ሁሉ ያያል፤ አእምሯችን "ነጠላ ነጭ ነው፣ በቃ" እያለ ይሸፍንብናል እንጂ። ኢምፕሬሽኒስቶቹ ያደረጉት ይህን ሽፋን መግለጥ ነው።

ስለዚህ ጥላ ለማምጣት ቀለሙን በጥቁር ከማጥቆር ይልቅ ሌላ ቀለም አመጡ። ብርቱካናማ ብርሃን ካለ አጠገቡ ሰማያዊ ጥላ ያስቀምጣሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ከዚህ ጀርባ አንድ ኬሚስት አለ፤ ሚሼል ሼቭረል ይባላል። ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የቀለም ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል አቤቱታ ደረሰው። ክሩን መረመረ፤ ምንም አልሆነም። ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነው። ጉዳዩን ሲያጠና ቆይቶ በ1839 አሳተመው። ሠዓሊዎችም ተቀባበሉት።

በነገራችን ላይ "ጥቁር ጨርሶ አልነኩም" የሚባለው ማጋነን ነው። ሬኗር የሳለውን ጥቁር ቀሚስ ማየት ይበቃል።

ነገሩ ለምን በዚያ ዘመን ሆነ?

ቀለም በቱቦ መሸጥ ስለጀመረ። ቀልድ አይደለም። ቀድሞ የተበጠበጠ የዘይት ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ነበር። በመርፌ ወግተህ ትጨምቃለህ፤ ከዚያ ይፈሳል፣ ይደርቃል፣ ይፈነዳል። ያንን ተሸክሞ ሜዳ መውጣት ጣጣ ነው። በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ ክዳን ያለው የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ዛሬ የጥርስ ሳሙናችን የምትወጣበት ዓይነት። ሠዓሊው ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወጣ።

ባቡርም አለ። ከፓሪስ ተሳፍረህ ጠዋት ወንዝ ዳር ትደርሳለህ፣ ማታ ቤትህ ትገባለህ። ሞኔ ባቡሩን ራሱንም ሥዕል አደረገው፤ በ1877 የሳን ላዛር ጣቢያን ከነጭሱ 12 ጊዜ ያህል ሳለው። ፋብሪካዎችም አዳዲስ ቀለም አመጡ። ድሮ ከአፍጋኒስታን ድንጋይ ተፈጭቶ የሚመጣው ውድ ሰማያዊ በኬሚካል መሠራት ጀመረ፤ ዋጋውም ወረደ። ከጃፓን ደግሞ የሆኩሳይና የሂሮሺጌ የእንጨት ህትመቶች ገቡ፤ ሰውን ከወገቡ ቆርጦ ዳር ላይ ማስቀመጥ ነውር እንዳልሆነ ያሳዩት እነሱ ናቸው። ሞኔ ዢቬርኒ የሚገኘውን ቤቱን በእነዚህ ህትመቶች ሞልቶት ነበር።

ማኔ እና ሞኔ አንድ ሰው ናቸው?

አይደሉም። በዚህ ያልተሳሳተ የለም፤ አትፈሩ። ኤድዋር ማኔ ታላቅየው ነው፣ በ1832 የተወለደ። ከ1874 እስከ 1886 ከተካሄዱት 8 ኤግዚቢሽኖች በአንዱም አልተሳተፈም። ልቡ ሳሎን ላይ ነበር። ወጣቶቹ ግን እንደ ታላቅ ወንድም ያዩት ነበር። ክሎድ ሞኔ በ1840 የተወለደው፣ የውሃ አበባው ሰው ነው።

ከማን ልጀምር?

ሁሉም ሰው ከሞኔ ይጀምራል፤ ጥሩ ነው። ሰው የምትወዱ ከሆነ ወደ ሬኗር ሂዱ፤ ጭፈራ፣ ምሳ፣ በቅጠል መሃል ሾልኮ ልብስ ላይ የሚንጠባጠብ ፀሐይ። ዴጋ ደጅ ወጥቶ መሳል አይወድም፤ የባሌ ዳንሰኞቹን ከመድረክ ጀርባ ሲያዛጉና እግራቸውን ሲያሹ ይይዛቸዋል። ዝናብ የወረደበት የፓሪስ ጎዳና ከፈለጋችሁ ጉስታቭ ካይቦት።

የእኔ ሰው ካሚይ ፒሳሮ ነው። በ1830 ካሪቢያን ውስጥ፣ ያኔ በዴንማርክ ሥር በነበረችው ሴንት ቶማስ ደሴት ተወለደ። ስምንቱም ኤግዚቢሽኖች ላይ ሥራውን ያቀረበ ብቸኛ ሰው ነው። ሌሎቹ ሲጣሉ የሚያስታርቀውም እሱ ነበር። ሥዕሉ አይጮህም፤ የጎመን ማሳ፣ ጭቃ መንገድ፣ ውርጭ። መጀመሪያ ታልፉታላችሁ፣ በኋላ ትመለሳላችሁ።

ሴቶች ነበሩበት?

ነበሩ፤ ያውም ዋናዎቹ መሃል። ቤርት ሞሪዞ ከስምንቱ በሰባቱ ተሳትፋለች፤ የቀረችው ልጇን ከወለደች ከጥቂት ወራት በኋላ በተካሄደው በ1879ኙ ብቻ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ካሳት በዴጋ ጋባዥነት ገባች። የመንግሥቱ የሥዕል ትምህርት ቤት ሴት የተቀበለው በ1897 ነው፤ እነሱ በግል ተምረው ነው የደረሱት። ጨዋ የምትባል ሴት ብቻዋን ካፌ ቁጭ ብላ መሳል አትችልም ነበር። ስለዚህ የሚችሉትን ሳሉ፦ አልጋ ላይ የተኛ ሕፃን፣ ሻይ፣ በረንዳ። ይህን "የሴት ርዕስ" ብለው የሚያናንቁ ነበሩ። የሞሪዞን "የሕፃኑ አልጋ" የተባለውን ሥዕል አይታችሁ ፍረዱ። በሻሹ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን እንዲያ መያዝ የስንት ሰው አቅም ነው?

አንድ ሥዕል አብረን ብናይስ?

እሺ፣ "ጃንጥላ የያዘች ሴት" የሚለውን የሞኔ ሥዕል እንይ። የ1875 ሥራ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ያህል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ነው ያለው። ሴትየዋ ሚስቱ ካሚይ ናት፤ ወደኋላ ራቅ ብሎ ከወገቡ በላይ የሚታየው ልጃቸው ዣን ነው። ሠዓሊው ከታች ቆሞ ሽቅብ ነው የሚያያት። ነፋስ አለ፤ ቀሚሷ ተጠምዝዟል፣ የፊቷ ሻሽ ይበራል።

መጀመሪያ ተጠጉ። ፊቷ የለም። ሻሹን የሚያሳዩ ጥቂት ሰረዞች ብቻ። ቀሚሱ ነጭ ነው አይደል? ነጭ ፈልጉ እስቲ። ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ትንሽ ሮዝ። እጅጌዋ ላይ ቢጫ ጭረት አለ፤ ከሥሯ ካሉት የሜዳ አበቦች ተንጸባርቆ የመጣ ነው። የጃንጥላው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሰማዩ ላይ ብሩሹ እንደ መጥረጊያ ወዲህና ወዲያ ሄዷል። አሁን አምስት ስድስት እርምጃ ወደኋላ ሂዱ። ሰረዙ ሁሉ ይሰበሰባል። ሴትየዋ አሁን ዞር ብላ ያየቻችሁ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ ቀን ወደፊትና ወደኋላ ስመላለስ ጥበቃው በጥርጣሬ ያየኝ ጀመር።

ካሚይ ከ4 ዓመት በኋላ በ32 ዓመቷ ሞተች። ሞኔ አስከሬኗን አልጋው ላይ እንዳለ ሳለው። በኋላ ለወዳጁ ለክሌማንሶ የነገረው ያስደነግጣል። የሚወዳት ሴት ፊት ላይ ዓይኑ ሳያዘው ሰማያዊውን፣ ቢጫውን፣ ግራጫውን መለየት ጀምሮ ነበር። ሥዕሉ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም አለ።

ሞኔ አንድ ክምር ሃያ ጊዜ የሚስለው ምን ሆኖ ነው?

አገር ቤት በመኸር ወራት መንገድ ለመንገድ የምናየው ክምር ነው፤ የሱ የስንዴ ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለ ማሳ ላይ ቆሞ በ1890 እና 1891 ሃያ አምስት ያህል ጊዜ ሳለው። ጠዋት፣ ማታ፣ በበረዶ፣ በጭጋግ። ክምሩ ሰበብ ነው፤ ርዕሱ ሰዓቱ ነው። ብዙ ሸራ ይዞ ይወጣል፤ ብርሃኑ ሲቀየር ሸራውን ይቀይራል። የሩዋን ካቴድራልን ከ30 ጊዜ በላይ ሳለው። ወንዝ ዳር የተደረደሩ ዛፎች ሲስል ደግሞ ዛፎቹ ለእንጨት በጨረታ ሊሸጡ ሆነ። ምን አደረገ? ከእንጨት ነጋዴው ጋር ገንዘብ አዋጥቶ፣ ሥዕሉ እስኪያልቅ እንዳይቆረጡ አስማማ።

ቫን ጎህ ኢምፕሬሽኒስት ነው?

አይደለም። ፓሪስ የገባው በ1886፣ የመጨረሻው ኤግዚቢሽን በተካሄደበት ዓመት ነው። ከእነሱ ደማቅ ቀለም ወሰደና የራሱን መንገድ ሄደ። እሱን፣ ጎጋንን፣ ሱራን "ድኅረ ኢምፕሬሽኒስት" ይሏቸዋል።

ድሆች ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

የአንዳንዱ። ካይቦት ሀብታም ነበር፤ የጓደኞቹን ሥዕል እየገዛ፣ የሞኔን የቤት ኪራይ እየከፈለ ደግፏቸዋል። ሲሞት ስብስቡን ለመንግሥት ተናዘዘ። መንግሥት ግን አንገራግሮ የወሰደው ከፊሉን ብቻ ነው። ከመሃላቸው አንዱ የነበረው ሲስሌ በ1899 እንደ ደኸየ ሞተ። "የፀሐይ መውጣት" በ1874 በ800 ፍራንክ ተሽጦ፣ ገዢው ሲከስር በ1878 በ210 ፍራንክ ሄደ። ነገሩን የለወጠው ፖል ዱራን-ሩዌል የሚባል የሥዕል ነጋዴ ነው። በ1886 ሥዕሎቹን ጭኖ ኒው ዮርክ ወሰደ፤ አሜሪካኖች ገዙ። የአሜሪካ ሙዚየሞች ዛሬ በሞኔ የተሞሉት ለዚህ ነው። በ2019 አንዱ ክምር 110.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የት ሄጄ ልያቸው?

ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ናሽናል ጋለሪ መግቢያው ነጻ ነው። ጃንጥላዋ ሴት አለች፤ ዴጋ በሰም የሠራት የ14 ዓመት ዳንሰኛም ከእውነተኛ ቀሚሷ ጋር አለች። እዚያው ዲሲ ባለው ፊሊፕስ ኮሌክሽን ሙዚየም ውስጥ የሬኗር የጀልባ ቀዛፊዎች ምሳ አለ፤ ታች በስተቀኝ ኮፍያ ደፍቶ የተቀመጠው ካይቦት ራሱ ነው። እስራኤል ያላችሁ ኢየሩሳሌም የእስራኤል ሙዚየም፣ ለንደን ያላችሁ ናሽናል ጋለሪ። አቡ ዳቢ ሉቭር ውስጥ የካይቦት ካርታ ተጫዋቾች አሉ። ፓሪስ ከደረሳችሁ ኦርሴ፤ እሱ ራሱ የቀድሞ ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ ኦራንዠሪ ሙዚየም። የሞኔ የውሃ አበቦች ሁለት ሞላላ ክፍል ዙሪያውን ይዘዋል። መሃል ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ በሉ፤ ፎቶው ይቆይ።

ቅርብ የሌላችሁ በስልክም ይቻላል፤ የሙዚየሞቹ ድረ ገጾች የብሩሹ ምት እስኪታይ ድረስ ያቀርቡላችኋል።

ራሴ ልሞክር ብልስ?

የትምህርት ቤት የውሃ ቀለም ይበቃል። ጥቁሩን ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። በመስኮት የሚታይ አንድ ነገር ምረጡ፤ የጎረቤት የቆርቆሮ አጥር ቢሆንም ግድ የለም። በእርሳስ አትንደፉ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ትልልቆቹን የቀለም ቦታዎች ብቻ እዩ፤ ከጥላው ጀምሩ። አንድ ሰዓት ሲሞላ አቁሙ፤ ብርሃኑ ሄዷልና የምትስሉት ሌላ ነገር ይሆናል። አላለቀም? ነገ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ነገ ደመና ከሆነ ያንን አትንኩት፣ አዲስ ወረቀት አውጡ።